ከዋርካው እስከ ደንገሉ

የጋሽ አድማሱን ሞት የሰማሁ ዕለት ከልቤ አለቀስሁ። በሠልስታቸው ቀን ግን ያፈሰስሁትን እንባ ቢቻለኝ መልሼ በወሰድሁት ነበር። ለሞተ ሰው እንዲህ ማለት ነውር መሆኑ አይጠፋኝም፤ እናቴ ብትሰማኝ ታማትባለች። ይሁን እንጂ ሰውየውን ከወደድሁት በላይ ታዝቤዋለሁና የሁለቱንም ካልተናገርሁ አይወጣልኝም።

መርዶውን ያደረሰኝ የመሥሪያ ቤታችን ሾፌር ነው። ፋሲሎ ሰፈር በሚገኘው ቤቴ ቁርስ ላይ ሳለሁ ደወለና፣ «ዶክተር፣ ጋሽ አድማሱን ትናንት ቀበሯቸው» አለኝ። ሳንባ ነው አለ። ዳቦው እጄ ላይ ቀረ። ባለቤቴ ምን ሆነሽ ሲለኝ «ዓይኔ ሞተ» አልሁት። እውነቴን ነበር፤ በእሳቸው ዓይን ነበር የማየው።

እኔ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ዓምና መሥሪያ ቤታችን ዓባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ያሉትን ጉማሬዎች የሚያጠና ሥራ ጀመረና ተመደብሁበት። ሥራው በአጭሩ ሳይገድሉ ማደን ነበር። እንደ ጠብመንጃ ትከሻ ላይ ተደግፎ በምላጭ የሚተኮስ ቀስት ተገዛልን። የፍላጻው ጫፍ ቱቦ ነው፤ የጉማሬዋን ገላ ነክቶ የምስር ፍሬ የምታክል ቆዳ ይቆነጥርና ተመልሶ ውኃ ላይ ይወድቃል። ቡሽ ስላለው ይንሳፈፋል። እሷ ዝንብ የነከሳት ያህል ጆሮዋን አርገብግባ መንገዷን ትቀጥላለች። ያንን ፍላጻ በታንኳ ሄዶ የሚለቅም፣ የጉማሬንም ጠባይ የሚያውቅ ሰው ሲፈለግ ጋሽ አድማሱ ተገኙ።

ቀጭን፣ ረጅም፣ ስልሳን የዘለሉ ሰው ነበሩ። የትውልድ አገራቸው እንፍራንዝ ነው። በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ፣ በጎልማሳነታቸው ስመ ጥር አዳኝ፣ በኋላ ደግሞ ባለ ታንኳ ሆኑ። አደን የተዉት ታመው በተነሡ ጊዜ ለገብርኤል ተስለው ነው፤ ዳግመኛ እጄ ጠብመንጃ አይነካም ብለው። ቀስቱን መጀመሪያ ያሳየኋቸው ዕለት አገላብጠው አዩትና፣ የሚመታው ጉማሬዋን ነው ወይስ ተኳሹን ብለው ጠየቁ። እንዳልስቅ ከንፈሬን ነከስሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ቀልዳቸው ሁሉ እንዲህ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ይህን ያኔውኑ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ርቀት በመገመት እንደሳቸው ያለ ሰው አላየሁም። መጀመሪያ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፤ ባርኔጣ አገር ያሳጥራል ይላሉ። ከዚያ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አውራ ጣታቸውን አገጫቸው ሥር አድርገው ትንሽ ያፏጫሉ። ቁጥሩ ከፉጨቱ በኋላ ይመጣል። «ውኃ ያቀርባል፣ ደረቅ መሬት ያርቃል» የምትል አባባል ነበረቻቸው፤ ውኃ ማዶ ያለ ነገር ከሆነው ይልቅ ቅርብ መስሎ ይታያል ማለታቸው ነው። አንድ ሁለቴ በሜትር ለክቼ ፈተንኋቸው። ከአንድ ክንድ በላይ አልሳቱም፤ ከመቶ ሜትር ሲያልፍ ግን እኔም ዓይኔን አላምነውም ይሉ ነበር።

የሰው ዓይን ግን ለሪፖርት አይሆንም። ቀስት እንደ ጥይት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ እንደተወረወረ ድንጋይ እየወደቀ ነው የሚሄደው። ርቀቱን ሁለት ሜትር ከሳቱት ፍላጻው ወይ ውኃ ይጠጣል ወይ በጀርባዋ ላይ ያልፋል፤ ሲከፋም ዓይኗን ያጠፋል። ስለዚህ በአንድ ዓይን እያዩ ቁልፍ ሲጫኑት በጨረር ለክቶ ቁጥር የሚያሳይ ርቀት መለኪያ እንድንገዛ ተፈቀደልን። ሻጩ ሁለት ዓይነት ልኮ፣ ሞክራችሁ አንዱን መልሱ አለን። አንዱ ትንሽ ነው፤ ኪስ ይገባል፣ ዋጋውም ቀላል ነው፣ ግን ከመቶ ሜትር አያልፍም። ሌላው ትልቅ ነው፤ እስከ ሺህ ሜትር ይለካል። እኔ ልቤ ትንሹ ላይ ነበር። ከሠላሳ ሜትር በላይ ርቀን አንተኩስም፤ የሺህ ሜትሩ ምን ያደርግልናል? አንድ ዕንቁላል ለማምጣት ቅርጫት ይዞ እንደመሄድ ቆጠርሁት።

ጋሽ አድማሱ፣ ዕቃ በሚሠራበት ቦታ ነው የሚፈተነው ብለው ወደ እኅታቸው ማሳ ይዘውኝ ሄዱ። ከዓባይ ማዶ በባጃጅ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ሐይቅ ዳር ነው። እኅታቸው እትዬ ጥሩነሽ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ ያላቸው ንብረት ያቺ ሽምብራ የሚዘሩባት ማሳ ብቻ ናት። ሦስት ዓመት በተከታታይ አንዲት ጉማሬ እየወጣች እንደምትበላባቸው፣ ከበላችው የረገጠችው እንደሚበልጥ አጫወቱኝ። ጉማሬዋ ግንባሯ ላይ ነጣ ያለ ጠባሳ ነበራትና ጋሽ አድማሱ «ባለሻሿ» ብለው ስም አውጥተውላታል። ለእኔ ጥናት ዋናዋ እሷ ነበረች። ለእትዬ ጥሩነሽም መሥሪያ ቤታችን በማሳው ዙሪያ ቦይ እንደሚያስቆፍር ቃል ገባሁ። ቃሉን የሰጡኝ አለቆቼ ነበሩ፤ እኔም አምኜ አስተላለፍሁ።

ፈተናው በትንሹ ተጀመረ። ሐይቁ ዳር በበቀለው ረጅም ደንገል ውስጥ ወደቆመች ታንኳ ባነጣጠርሁት ቁጥር የታንኳዋን ትቶ ፊት ለፊት ያለውን የደንገል አገዳ እየለካ መለሰልኝ። ትልቁ ግን ከፊት ያለውን ዘሎ የኋላውን እንዲለካ የሚያደርግ ማስተካከያ ነበረው። ጋሽ አድማሱ ይህን ሲያዩ፣ «ደንገል ለክቶ ጉማሬዋን የሚተው መለኪያ ይዘሽ የት ልትደርሺ ነው፣ ዶክተሬ?» አሉኝ። ክርክራቸው ትክክል ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም ትክክል መሆኑ ነው፤ ሐሰት ቢናገሩኝ ኖሮ እነቃ ነበር።

ከዚያ ማሳው ዳር ወዳለው ዋርካ ወሰዱኝና ባለሻሿ ከሐይቁ የምትወጣባትን፣ ደንገሉ መሐል የተከፈተችውን በር አሳዩኝ። ከዚህ እስከዚያ ስንት ነው አሉ። ትንሹን ባነጣጥረው ሰረዝ ብቻ አሳየ። በትልቁ ለካሁና «መቶ አምሳ ሦስት» ብዬ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ድገሚው አሉኝ፤ ደገምሁት። ያን ጊዜ ፊታቸው ፈካ። ካራቸውን አውጥተው ታንኳ በሚገፉበት ዘንግ ግርጌ ላይ በግዕዝ ቁጥር ፻፶፫ ብለው ቀረጹ። አሻንጉሊት እንዳገኘ ልጅ ደስ ሲላቸው እኔም ደስ አለኝ። ትልቁን ገዛን፣ ትንሹን መለስን።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዘንጉ መዝገባችን ሆነ። ማለዳ ማለዳ ሐይቅ ዳር ከደንገል በሠራናት መሸሸጊያ ተቀምጠን እሳቸው በዓይናቸው ይገምታሉ፣ እኔ በመለኪያው አረጋግጣለሁ። ያሸነፈው ቁጥር ከግርጌ ወደ ላይ እየተከታተለ ይቀረጻል። ዳቦ ቆሎ በኪሳቸው ይዘው ይመጡና ግማሹን ለኔ ያፈሳሉ። ልጅ እንዳልወለዱ አንድ ቀን ነገሩኝ። «ብወልድ እንዳንቺ ጉማሬ የሚቆነጥር ነገር ባልወለድሁ» ብለው ወዲያው አበላሹት እንጂ፣ ልቤን ነክቶኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ግን ሥራው እንቢ አለን። እሳቸው ሃያ አምስት ሲሉ መለኪያው ሃያ ሰባት ይላል፤ መለኪያውን አምኜ ስተኩስ ፍላጻው በባለሻሿ ጀርባ ላይ ያልፋል። ሦስት ጊዜ እንዲህ ሆነ። በሦስተኛው ጋሽ አድማሱ ምንም ሳይናገሩ ተነሡና ዳርቻው ላይ ሁለት ችካል ተከሉ፤ በመሥሪያ ቤቱ ሜትር ለካን፣ ሃያ አምስት። በመለኪያው ለካን፣ ሃያ ሰባት። ደንግጬ ማስተካከያውን ስከፍት ለካ ዕቃው ሲመጣ ጀምሮ የሚቆጥረው በሜትር ሳይሆን ከሜትር በሚያንሰው በያርድ ኖሯል። አንድ ሕፃን ሊያየው የሚችለውን እኔ ሳላየው ቀርቻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

እሳቸው ግን አልሳቁብኝም። «ዕቃው አልዋሸም፤ በአገሩ ቋንቋ ነው የነገረሽ» አሉኝ። ቀጥለው ግን ያቺ የመጀመሪያዋስ፣ የዋርካዋ፣ ስሕተት ናት ማለት ነው አሉ። አዎ፣ ግን ለምንም አትጠቅመንም አልኋቸው። «ስሕተት ይዤ ማደር አልወድም» አሉ። በዚያው ጠዋት ባጃጅ ይዘን ሄድን። ዋርካው ሥር ቆሜ በሜትር ለካሁላቸው፤ መቶ አርባ። ድገሚው አሉኝ፤ መቶ አርባ። ፻፶፫ን በካራ ሠርዘው ከጎኑ ፻፵ ብለው ቀረጹ። የዚያ ሳምንት ሌሎች ቁጥሮችም በያርድ ስለነበሩ እነሱንስ አያርሟቸውም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። እነሱ ያልፋሉ አሉኝ። በዚህ ነገር ለወራት አደንቃቸው ነበር። ለባልደረቦቼም ስለ ጥንቃቄ ስናወራ እያነሣሁ እንደ ምሳሌ እነግር ነበር።

ከዚያ ወዲያ አንድም ፍላጻ አልሳትሁም። ከባለሻሿም ሁለት ጊዜ ቆዳ ወሰድን። ቦዩ ግን አልተቆፈረም። አለቆቼን በጠየቅሁ ቁጥር በሚቀጥለው ወር ይሉኛል፤ እኔም ያንኑ ለእትዬ ጥሩነሽ አደርሳለሁ። ጋሽ አድማሱ አንድም ቀን በዚህ ነገር አልወቀሱኝም።

ለጥምቀት ደብረ ማርቆስ ወላጆቼ ዘንድ ሄድሁ። መለኪያውንም ቀስቱንም መሥሪያ ቤት ቆልፌባቸው ነው የሄድሁት። በሳምንቴ ስመለስ ባለሻሿ የለችም። በር አድርጋው የነበረው ደንገል መዝጋት ጀምሯል። ሦስት ሳምንት ፈለግናት። ጋሽ አድማሱ አንድም ቀን አልቀሩም፤ ሲያስነጥሳቸው፣ ሲያስላቸው እንኳ አልቀሩም። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ አፏጭተው፣ ሃያ ስምንት ይላሉ። ምን አዩ ስላቸው፣ ጥላዋን መሰለኝ ይላሉ። እኔም መለኪያውን አንሥቼ ባዶ ደንገል እለካለሁ።

አንድ ጠዋት ሆድ ባሰኝና ፊት ለፊት ጠየቅኋቸው። ሰው ገድሏት ይሆን እንዴ አልሁ። የሠርግ ወር ነው፤ ጥይት ቢጮኽ ማንም ሠርግ ነው ብሎ ያልፈዋል። እሳቸው ዓይኔን እያዩ፣ «በገብርኤል፣ ይኸ እጅ ጠብመንጃ አልነካም» አሉኝ። ቀጥለውም ወደ ጎርጎራ በኩል ሳትሄድ እንዳልቀረች፣ ጉማሬም እንደ ሰው ሲከፋው አገር እንደሚቀይር አጽናኑኝ። በጠየቅኋቸው አፈርሁ። ሪፖርቴ ላይም «ወደ ሰሜናዊው የሐይቁ ክፍል ሳትዘዋወር አልቀረችም» ብዬ ጽፌ ፈረምሁበት። ፊርማዬ እስከ ዛሬ አለ።

ሥራው በመጋቢት ተዘጋ፤ እሳቸውም ወደ ታንኳቸው ተመለሱ። ስንለያይ ትከሻዬን ስመው፣ «ዓይንሽን አደራ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ አላገኘኋቸውም።

ወደ ሠልስቱ የሄድሁት በጥቁር ነጠላ ነው። ዳሱ የተጣለው እትዬ ጥሩነሽ ደጅ፣ ከዋርካው ብዙም ሳይርቅ ነበር። ስገባ ዳሱ ውስጥ ያሉት ሽማግሌዎች ብድግ አሉልኝ። ለሐኪምነቴ ነው ብዬ አፈርሁና በእግዜር ብዬ አስቀመጥኋቸው። ውኃ ያቀረበልኝ የእትዬ ጥሩነሽ አማች እንኳ ጎንበስ ያለው ከልክ ያለፈ መሰለኝ። እትዬ ጥሩነሽ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ። ስለ ወንድማቸው ሕመም፣ ስለ መጨረሻዋ ሰዓታቸው ነገሩኝ፤ አብረን አለቀስን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዘንድሮ የሽምብራው እሸት በእግዚአብሔርና በኔ ተረፈ ብለው መረቁኝ።

በኔ? ቦዩ አልተቆፈረም፤ ምኑን አተረፍሁት? አልገባኝም አልኋቸው።

«በለካሽው ነዋ፣ እታለም» አሉ። «ወንድሜ ነግሮን የለም? ቦዩ ቢዘገይባት ጊዜ ዶክተሯ ራሷ ለክታ ሰጠችኝ፤ ከዋርካው እስከ ደንገሉ መቶ አርባ ነው፤ አፋችሁን ያዙ፣ እንጀራዋ እንዳይበላሽ አለን። እኛም ለነፍስ አባታችን እንኳ አልተነፈስን።»

ዘወር ብዬ ብድግ ያሉልኝን ሽማግሌዎች አየኋቸው። እሳቸው ሰው እንዳይሰማን የሠጋሁ መስሏቸው፣ አይዞሽ ሁሉም የኛው ሰው ነው አሉኝና ቀሪውን ጨመሩልኝ። የጥምቀት ማግስት ማለዳ አማቻቸው ጠብመንጃ ይዞ ዋርካው ሥር በደረቱ ተኛ። ጋሽ አድማሱ ጠብመንጃውን አልነኩም፤ ስለታቸውን ጠብቀዋል። የጠብመንጃውን መነጽር ልክ መቶ አርባ ላይ አድርግ ብለው ከነገሩት በኋላ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ። ባለሻሿ በልታ ስትመለስ በሩ ላይ ቆም አለች። በሁለተኛው ጥይት ወደቀች።

ዳሱ ውስጥ ሰው እያወራ፣ ዳዊት እየተደገመ፣ እኔ ዘንጉን ነበር የማስበው። ከግርጌው የመጀመሪያው ቁጥር ያ ነው። ከሁሉ በፊት የተቀረጸ፣ ብቻውን የታረመ። ትንሹን መለኪያ ያስጣሉኝ ለዚያ ነው። ስሕተት ይዤ ማደር አልወድም ያሉኝ ለዚያ ነው። መለኪያው ሲነሣ ሁሉ ከኔ ጋር ነበር፤ እሳቸው የፈለጉት ዕቃውን ሳይሆን አንዲት ቁጥር ብቻ ነበር፤ እሷንም በገዛ አፌ፣ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ ጮክ ብዬ ሰጠኋቸው።

ስለ ጉማሬዋ ብቻ ቢሆን ይቅር እል ይሆናል። ባል የሞተባት እኅት፣ የተበላ ማሳ፣ ያልተቆፈረ ቦይ፤ ይህን ሁሉ አውቃለሁ፤ የቦዩ ኃጢአት እኔም ላይ አለ። መጥተው «ዶክተሬ፣ ልናስገድላት ነው» ቢሉኝ እጣላቸው ነበር፤ ምናልባትም እሸነፍ ነበር። ጠላታቸው ብሆን ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ስሜን ወስደው አገር አስማሙበት፤ ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠው፣ ዳቦ ቆሎ እያካፈሉኝ፣ የሌለች ጉማሬ ርቀት ገመቱልኝ። ባርኔጣቸውን እያወለቁ። ይኼኛው አልዋጥልሽ አለኝ።

እትዬ ጥሩነሽ ወደ ቤት ገብተው ሁለት ነገር ይዘው ወጡ። አንደኛው ዘንጉ ነው፤ ለዶክተሯ ስጡልኝ ብለው ተናዝዘዋል። ሁለተኛው በነጠላ የተጠቀለለ ነው። «ያንቺ ድርሻ ነው፤ ለብቻ አስቀምጦልሽ ነበር» አሉኝ። በአዳኝ ወግ የለካም እንደ ተኳሹ ድርሻ አለው። ገለጥ አድርጌ አየሁት፤ ቅባት የጠጣ፣ ከክንዴ የሚረዝም የጉማሬ ቆዳ አለንጋ። የምስር ፍሬ የምታክለውን ለመቆንጠር ስንት ማለዳ ደጅ የጠናሁበት ቆዳ ነው።

ለዚህ ብዬ አልለካሁም ማለት ነበረብኝ። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን እንዲያ ካልሁ ሟቹን በሠልስታቸው፣ በእኅታቸው ፊት፣ በጎረቤት መካከል ውሸታም ማድረጌ ነው። ዳዊቱ ደግሞ ገና አላለቀም። እሳቸው ይህንንም ገምተውት ይሆናል፤ ርቀት መገመት ያውቁበታል።

ልሄድ ስነሣ ሽማግሌዎቹ እንደገና ብድግ አሉ። በዕድሜ የገፉት አንዱ ወደ ዋርካው በኩል ሸኙኝና ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ የእህሉን በረከት፣ የቤቴን ሰላም፣ የልጅ ፍሬ መረቁኝ። በመጨረሻም፣ «ጉድ ሳይሰማብሽ እግዜር ይጠብቅሽ፤ አንቺ የኛ ሰው ነሽ» አሉኝ።

ባንድ እጄ ዘንጉን፣ በሌላው ጥቅልሉን ይዤ ነበር። ጎንበስ ብዬ «አሜን» አልሁ።